ሁለት መስመር አለን ይላሉ፤ አንድም የላቸውም

«ኔትወርክ የለም።»

በደቡብ ምዕራብ ይህን ዓረፍተ ነገር ያልሰማ ሰው ካለ ገና ያልተወለደ ነው። ከሚዛን አማን እስከ ቴፒ፣ ከጀሙ እስከ ማጂ፣ በር ላይ በተለጠፈ ወረቀት ወይም በጥበቃው አፍ ይደርሳችኋል። ሰው ይሰማል፣ ይመለሳል። አይከራከርም። ኔትወርክ እንደ ዝናብ ነው የሚታሰበው፤ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል፣ የሚጠየቅለት ሰው የለም። ደፍሮ የሚጠይቅ ቢገኝ እንኳ መልሱ የታወቀ ነው፦ «ቴሌ ነው።»

ይህ ጽሑፍ በዚህች መልስ ላይ የተነሣ ክርክር ነው። ቴሌን ለመከላከል አልተነሣሁም፤ ኢትዮ ቴሌኮም ጠበቃ ከፈለገ ለመቅጠር አቅሙ አለው። ሆን ተብሎ የሚቆረጠው ኢንተርኔት፣ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ ያየነው ዓይነት፣ እሱም ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ የሚፈልግ ነው። የእኔ ክስ ጠባብ ነው። በመሥሪያ ቤቶቻችን ከሚደርሰው መቋረጥ ቀላል የማይባለው የሚሠራው እዚያው በመሥሪያ ቤቱ ግቢ ውስጥ ነው፤ የሚሠራውም መቋረጥን ያስቀራል ተብሎ በሕዝብ ገንዘብ በተገዛ ዕቃ ነው። መጠባበቂያ ተብሎ የተሰቀለው መስመር ዋናውን ይዞት ይሞታል። ጥፋቱ ግን ሁልጊዜ ለቴሌ ይጻፋል።

እንዴት ይሆናል? ላስረዳ። ቴክኒክ የሚሰለቻችሁም ታገሡኝ፤ የሚታለፍ አይደለም።

አንድ መሥሪያ ቤት ሁለት ሕንፃ አለው እንበል። አንዱ ከመንገዱ ዳር፣ ሌላው ከኮረብታው ላይ። ገመድ ለመቅበር ርቀቱ ውድ ስለሚሆን በሁለቱ ጣሪያዎች ላይ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ሬዲዮዎች ይሰቀላሉ። አየሩ እንደ ገመድ ሆኖ ያገለግላል፤ ሁለቱ ቢሮዎች እንደ አንድ ቢሮ ይሆናሉ። ይህን ባለሙያዎች ብሪጅ ይሉታል፤ ድልድይ እንደ ማለት ነው። አንድ ቀን መስመሩ ያስቸግራል። ኃላፊው ይቆጣል፤ «መጠባበቂያ ይገዛ!» ይላል። ኃላፊው ልክ ነው። ሁለተኛ ጥንድ ሬዲዮ ይገዛል፣ ይሰቀላል፣ ገመዱም ከመጀመሪያው ጎን እዚያው ስዊች ላይ ይሰካል። በወዲህኛውም ሕንፃ፣ በወዲያኛውም። በዚያች ደቂቃ ክብ ተሠራ። ባለሙያዎቹ ሉፕ የሚሉት ይህንን ነው።

እድርተኛ የሆነ ሰው ይህን ለመረዳት የኮምፒውተር ትምህርት አያስፈልገውም። ጥሩንባ ነፊው በሌሊት ወጥቶ «እገሌ አርፏል» ይላል፤ ሰፈሩን አንድ ጊዜ ዞሮ ይገባል። አሁን ሁለት ጥሩንባ ነፊዎች አሉ እንበል፤ ለሁለቱም የተሰጣቸው ሕግ «ጥሩንባ በሰማህ ቁጥር አንተም ንፋ» የሚል ነው። አንደኛው ይነፋል። ሁለተኛው ሰምቶ ይነፋል። አንደኛው የሁለተኛውን ሰምቶ፣ አዲስ ለቅሶ መስሎት፣ እንደገና ይነፋል። እስኪነጋ ድረስ ያው አንድ ሰው ሺህ ጊዜ ይሞታል። ሰፈርተኛው አይተኛም፤ በመካከል በእውነት ሌላ ሰው ቢያርፍ ደግሞ የሚለይ ጆሮ አይኖርም።

የስዊች ሕግ ልክ ይኸው ነው። ለሁሉም የተላከ መልእክት፣ ብሮድካስት የሚባለው፣ ሲደርሰው ከመጣበት ቀዳዳ በቀር በቀሩት ቀዳዳዎች ሁሉ ያስተላልፈዋል። ኮምፒውተሮች ደግሞ እንዲህ ያለውን መልእክት ያለማቋረጥ ነው የሚልኩት፤ «ይህ አድራሻ የማነው?» እያሉ እርስ በርስ ይፈላለጋሉ። በራውተር የሚያልፍ ፓኬት ዕድሜ ተቆጥሮለታል፦ ቢበዛ ከ255 ይነሣል፣ በየራውተሩ አንድ አንድ ይቀነስበታል፣ ዜሮ ሲደርስ ይጣላል። በስዊችና በብሪጅ የሚያልፈው የኢተርኔት ፍሬም ግን ዕድሜ የሚባል ነገር አልተሰጠውም። ክብ ውስጥ ከገባ ገመድ እስኪነቀል ወይም መብራት እስኪጠፋ ይዞራል። በእያንዳንዱ ዙር ይባዛል እንጂ አይደክምም።

በሬዲዮ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ብዙ የዋይፋይ መሣሪያዎች ለሁሉም የሚላከውን መልእክት የሚያስተላልፉት በዝቅተኛው ፍጥነታቸው ነው፤ የሩቁም ደካማውም እንዲሰማ። ስለዚህ ገመድ ላይ ብዙ ሺህ መልእክት የሚፈልገው ማፈን በአየር ላይ በጥቂቱ ይፈጸማል። ዋናው መስመርም መጠባበቂያውም በአንድ ጊዜ ይታነቃሉ።

ታዲያ ሁለት መንገድ መኖሩ በራሱ ጥፋት ነው? አይደለም። ከሚዛን አማን ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሾፌር በቦንጋና በጅማ በኩል መውጣት ይችላል፤ ያ መንገድ ሲዘጋበት በቴፒ፣ በማሻና በጎሬ በኩል ይዞራል። ሁለት መንገድ በመኖሩ ማንም ተጎድቶ አያውቅም። ሾፌሩ አንድ ሰው ነው፤ ያስባል፣ ይመርጣል፣ አንዱን ይሄዳል። ስዊች ግን አይመርጥም። መገንጠያ ላይ ሲደርስ ራሱን ለሁለት ቆርጦ በሁለቱም መንገድ የሚሄድ ሾፌር አስቡ። ምርጫውን ሰው አስቀድሞ ሊያዝዘው ይገባል። በመሥሪያ ቤቶቻችን የጠፋው ይህ አስቀድሞ የሚያዝ ሰው ነው።

ያየሁትን ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሌላ ዘገባ ወደ ማጂ በኩል በሄድኩበት ጊዜ ስሙን የማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት በረንዳ ላይ ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። ሦስቱንም ቀን «ኔትወርክ የለም»። ከሱርማ በኩል ሁለት ቀን በእግሯ የመጣች፣ ልጅ ያዘለች እናት አጠገቤ ነበረች። አንድ የቡና አቅራቢ ደግሞ ሒሳቡን ሊዘጋ መጥቶ በየሰዓቱ እየተነሣ በመስኮት ያያል፤ ጫኝ ቀጥሮ፣ መኪና አቁሞ፣ የሰው ገንዘብ ይዞ ነው የመጣው። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ለቴሌ ደወሉ። ቴሌ «ከእኛ በኩል መስመሩ ደህና ነው» አለ። እንደገና ደወሉ፤ ያው መልስ። ተሳደቡ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሁሉም ነገር ለሁለት ደቂቃ ያህል ይሠራና ይሞታል። ይህን ያየ አንድ ሠራተኛ «መብራቱ ነው ያበላሸው» ብሎ ደመደመ።

ነገሩ ግልጽ ነበር። መብራት ሲመጣ ስዊቹ ወዲያው ይነሣል፣ ጣሪያ ላይ ያሉት ሬዲዮዎች ግን ተነሥተው እስኪተያዩ ጊዜ ይወስዳሉ። በዚያች ክፍተት አንድ መስመር ብቻ ስለሚኖር ሁሉም ይሠራል። ሁለተኛው ጥንድ ሲተያይ ክብ ይዘጋል፣ ማዕበሉ ይጀምራል። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ወለል ስትወለውል አንዱን ገመድ በእግሯ መትታ ነቀለችው። «ኔትወርክ መጣ!» ተባለ። ማንም ምክንያቱን አልጠየቀም። ገመዱን መልሶ የሰካውም አልነበረም፤ ደግነቱ። እናትየዋ ግን ቀደም ብላ፣ በሁለተኛው ቀን ማታ፣ ተመልሳ ሄዳ ነበር።

ይህን የምነግራችሁ ለማዘን አይደለም። በዚያ መሥሪያ ቤት ሦስት ቀን የቆመው ሥራ የቆመው በቴሌም በዝናብም በድህነትም አልነበረም። ሁለት ገመድ በአንድ ስዊች ላይ ስለተሰካ ነው። የሚያድነው ሥራ የአንድ ሰከንድ ነው፤ ለዚያውም በእግር ሊሠራ የሚችል።

«ሠለጠነ በተባለው ዓለም ይህ አይሆንም» የሚል ካለ ተሳስቷል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2002 ቦስተን ከተማ የሚገኘው ቤዝ እስራኤል ዲኮነስ ሆስፒታል፣ ከሃርቫርድ ጋር የሚሠራ ትልቅ ሆስፒታል፣ ልክ በዚህ ዓይነት ችግር ለአራት ቀናት ያህል ኔትወርኩ ወድቆ ነበር። ሐኪሞቹ ወደ ወረቀት ተመለሱ፤ የምርመራ ውጤት በሰው እጅ ይመላለስ ጀመር። ስዊች በስዊች ላይ እየተቀጠለ ያደገው ኔትወርካቸው ክቦችን የሚቆጣጠርበት ዘዴ ከአቅሙ በላይ ተዘርግቶ ነበር። ከእኛ የሚለያቸው ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነው። የሆስፒታሉ የመረጃ ኃላፊ የነበረው ዶክተር ጆን ሃላምካ ወጥቶ ምን እንደተበላሸ፣ ለምን እንደተበላሸ፣ ምን እንዳልተደረገ በይፋ ተናገረ። ይኸው ከ20 ዓመት በላይ ሆኖት የዓለም የኔትወርክ ተማሪ ይማርበታል። እኛ ጋ የጽዳት ሠራተኛዋ እግር የፈታው ችግር በማግሥቱ ለቴሌ በተጻፈ የቅሬታ ደብዳቤ ተዘጋ።

ክብ የሚሠራ መስመር መድኃኒት ከተገኘለትም ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1985 ራዲያ ፐርልማን የምትባል አሜሪካዊት መሐንዲስ፣ ዲጂታል ኢኩዊፕመንት በተባለው ኩባንያ ስትሠራ፣ ስፓኒንግ ትሪ የሚባለውን ዘዴ ፈለሰፈች፤ በ1990 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆነ። (ሴትዮዋ ስለ ዘዴው ግጥምም ጽፋለታለች፤ መሐንዲስ ግጥም ሲጽፍ ደስ ይለኛል።) ሐሳቡ ቀላል ነው። ስዊቾቹ በየ2 ሰከንዱ አጭር መልእክት ይለዋወጣሉ፤ ከመካከላቸው አንድ አለቃ ይመርጣሉ፤ ወደ አለቃው የሚወስደውን አጭር መንገድ ክፍት አድርገው ትርፉን መንገድ ይዘጉታል። ክፍቱ ሲበጠስ የተዘጋው ይከፈታል። ሁለት መንገድ አለ፣ ክብ ግን የለም። ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2001፣ ፈጣኑ ዓይነት መጣ፤ የድሮው እስከ 50 ሰከንድ የሚፈጅበትን ለውጥ በጥቂት ሰከንድ የሚጨርስ።

ነገር ግን እዚህም ጉድ አለ። አለቃ የሚሆነው ትንሹን ቁጥር የያዘው ስዊች ነው። ሰው ካልቀየረው ሁሉም ከፋብሪካ የሚወጡት 32768 የሚል ቁጥር ይዘው ነው። እኩል ሲሆኑ የመለያ አድራሻቸው ይታያል፤ ትንሹ ያሸንፋል፤ ያ ደግሞ ብዙ ጊዜ አሮጌው ይሆናል። እኛ አገር ሽማግሌ ማስቀደም ወግ ነው፤ እዚህ ላይ ግን ዕቃ ግምጃ ቤት ጥግ ላይ አቧራ የጠጣው፣ ማራገቢያው የሚንኳኳ ስዊች የመላው መሥሪያ ቤት አለቃ ሆኖ ይመረጣል። ሁሉም መንገድ በእሱ በኩል ይዞራል። ማንም አልሾመውም። ማንም ስላልሾመ ነው የተሾመው።

ሁለተኛው ጉድ የሬዲዮ ነው። የተዘጋው መንገድ ተዘግቶ የሚቆየው የአለቃውን መልእክት እየሰማ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። በድሮው ዘዴ ለ20 ሰከንድ ካልሰማ «ያኛው መንገድ ሞቷል» ብሎ ራሱን ለመክፈት ይነሣል። ገመድ ላይ ይህ ልክ ነው፤ ገመድ ወይ አለ ወይ የለም። ሬዲዮ ግን ይንተባተባል። ግማሽ ይሰማል፣ ግማሽ አይሰማም፤ አንዳንዴም በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይሠራል። በዋይፋይ ደግሞ ከአክሰስ ፖይንት የሚወጣው የዚህ ዓይነት የጋራ መልእክት «ደርሶኛል» የሚል መልስ አይጠየቅበትም፤ ቢጠፋ የጠፋ ነው። ስለዚህ ስዊቹ ዝምታን ሞት መስሎት በሩን ይከፍታል፤ ያኛው መንገድ ግን በሕይወት አለ፤ ክብ ይሠራል። መድኃኒቱ ራሱ በሽታ የሚሆንበት ጊዜ አለ ማለት ነው። አንዳንድ ርካሽ ሬዲዮዎችማ እነዚህን መልእክቶች ጭራሽ አያሳልፉም፤ ርካሾቹ ስዊቾች ደግሞ ዘዴውን አያውቁትም። ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው ሰዎች ሁለት የሬዲዮ መስመር ባለበት ብሪጅ ትተው ራውተር የሚያደርጉት፤ ሁለቱን ሕንፃዎች ለየብቻ መንደር አድርገው፣ በመካከል መንገድ የሚመርጥ ሾፌር የሚያስቀምጡት። ፓኬቱ ዕድሜ ስላለው ስህተት ቢፈጠር እንኳ ዞሮ ዞሮ ይሞታል።

«ዝናብ ነው» ለሚሉም አንድ ነገር ልበል፤ አካባቢያችን ከአገሪቱ እጅግ ዝናባማው ስለሆነ ይህች ሰበብ በደንብ ተምራለች። መሥሪያ ቤቶች ጣሪያ ላይ የሚሰቀሉት ሬዲዮዎች አብዛኞቹ በ5 ጊጋኸርዝ ነው የሚሠሩት። በዚህ ሞገድ ላይ በሁለት ሕንፃዎች መካከል የሚወርድ ዝናብ ራሱ የሚያደርሰው ጉዳት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ዝናብ የሚጎዳው ከ10 ጊጋኸርዝ በላይ ያሉትን፣ በተለይ ትልልቆቹን የማይክሮዌቭ መስመሮች ነው። የእናንተ ሬዲዮ በክረምት የሚያስቸግረው ሲተከል ትንሽ የነበረ ዛፍ አድጎ እርጥብ ቅጠሉን ፊቱ ላይ ስለዘረጋ፣ ማገናኛው ውስጥ ውኃ ስለገባ፣ ምሰሶው ስለተወዛወዘ ነው። ይህ ሁሉ በመጥረቢያ፣ በላስቲክ ፕላስተርና በመፍቻ የሚስተካከል ነው። ሁለተኛ ሬዲዮ መግዛት አያስፈልገውም። ሁለተኛውም በዚያው ምሰሶ ላይ፣ ከዚያው ዛፍ ጀርባ፣ በዚያው ማራዘሚያ መብራት ከተሰቀለ ምን አተረፍን?

እዚህ ላይ የምገለጠው ቁጣዬ ለአይቲ ልጆቹ አይደለም። ብዙዎቹ ጎበዞች ናቸው። ከሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲም ከሌላም ተመርቀው፣ ዓመቱን ሙሉ ፕሪንተር ሲጠግኑና ለኃላፊ ስልክ ዋይፋይ ሲያስገቡ ይውላሉ። ሲሰለቻቸው ይሄዳሉ። ሲሄዱ የይለፍ ቃሉም አብሮ ይሄዳል። የሚተካው ልጅ የሚረከበው ሣጥኖች ብቻ ነው፤ የትኛው ገመድ ከየት ወዴት እንደሚሄድ የሚያሳይ አንዲት ወረቀት የለችም። ጣቴን የምቀስረው ግዢውን በሚጠይቁት፣ በሚፈቅዱትና በሚረከቡት ላይ ነው። የግዢ ሰነዱ «ሬዲዮ፣ ብዛት 2» ይላል። የርክክብ ኮሚቴ ይሰበሰባል፤ ሣጥን ይቆጥራል፤ «በጥሩ ሁኔታ ተረክበናል» ብሎ ይፈርማል። አንዱ መስመር ሲቆረጥ ሌላው መሥራቱን ያየ አለ? የለም። ገመድ ነቅሎ የሞከረ አለ? የለም። መጠባበቂያ ማለት ዕቃ መስሏቸዋል። መጠባበቂያ የሚባለው ዋናው ሲነቀል ሥራው መቀጠሉ ነው፤ ያ ካልታየ የተገዛው ጌጥ ነው።

በጀት የለም ይላሉ። በጀትማ ነበረ፤ ሁለተኛው ጥንድ የተገዛው በምን ሆነና? የቀረው ወጪ አንድ ማርከር፣ የገመድ ምልክት የሚሆን ፕላስተርና ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ንድፍ ነው። የዚህ ጨረታ አይወጣም።

ደግሞ ሁለት መስመር የሚባለው ነገር ራሱ ሲመረመር ብዙ ጊዜ አንድ ሆኖ ይገኛል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በመስከረም 2015 ዓ.ም. መጨረሻ አገልግሎቱን በይፋ ሲጀምር ብዙ ኃላፊዎች «አሁንማ ሁለት ቴሌ አለን» አሉ። ጥሩ ነው፤ ውድድሩን የማይወድ የለም። ግን ሁለቱ ኩባንያዎች መሠረተ ልማት የሚከራዩበት ስምምነት እንዳላቸው የታወቀ ነው። ስለዚህ ሁለት ሲም ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ፦ ሁለቱ ከአንድ ማማ ላይ ናቸው? ከዚያ ማማ የሚወጣው መስመር አንድ ነው? አንድ ኤክስካቫተር ሁለቱንም ይቆርጣል? መልሱ «አዎ» ከሆነ ሁለት ደረሰኝ እንጂ ሁለት መስመር የላችሁም።

የዚህ ሁሉ ዋጋ ማን ላይ ነው የሚያርፈው? ቀድሞ መንግሥት ወረዳኔት ብሎ 600 ገደማ ወረዳዎችን ሲያገናኝ፣ ስኩልኔት ብሎ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ፕላዝማ ሲሰቅል፣ መስመሩ ቢጠፋ ስብሰባ ይቀር ነበር፣ የፕላዝማው ክፍለ ጊዜ ይባክን ነበር። ወረቀቱ ግን ሥራውን ይቀጥል ነበር። ዛሬ ወረቀቱ የለም። «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የሚባለው ስትራቴጂ ከጸደቀ ወዲህ ክፍያው በቴሌብር፣ መታወቂያው በፋይዳ፣ የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኮምፒውተር ሆኗል። መሶብ በተባለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ደግሞ የብዙ መሥሪያ ቤቶች ጉዳይ ከአንድ ጣሪያ ሥር እየገባ ነው። ይህን አልቃወምም፤ ከቢሮ ቢሮ መንከራተት የሚናፍቀኝ ሰው አይደለሁም። ግን አስቡት፦ ድሮ አንድ ክብ የሠራ ገመድ አንድ ቢሮ ነበር የሚዘጋው። አሁን አንድ ጣሪያ ሥር ያሉትን ሁሉ ይዘጋል።

ክልሉ ራሱ በ2014 ዓ.ም. ሲመሠረት አንድ ሳይሆን አራት ማዕከል ነው የያዘው፦ ቦንጋ፣ ሚዛን አማን፣ ታርጫና ቴፒ። የፖለቲካ ስምምነቱን አደንቃለሁ። በአራት ከተማ የተበተነ መንግሥት ግን ከማንም በላይ በኔትወርክ የሚኖር መንግሥት ነው። ደብዳቤው ከቦንጋ ታርጫ፣ ከታርጫ ሚዛን አማን ሲመላለስ መንገዱ ሩቅ ነው። በአንዱ ከተማ አንድ ስዊች ላይ የተሰካ ትርፍ ገመድ የሌላውን ከተማ ጉዳይ ያቆማል።

ስለ ቡናም ሳልናገር ባልፍ የአካባቢው ሰው አይምረኝም። በ1930ዎቹ (በፈረንጅ አቆጣጠር) ማጂ ላይ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ከጌሻ አካባቢ የቡና ዘር አሰብስቦ ላከ። ዘሩ ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ኮስታሪካን ዞሮ ፓናማ ደረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 እዚያ በተደረገ ውድድር ዓለምን አስደነቀ፤ ዋጋው ሰማይ ነካ። በበቅሎና በመርከብ ዘመን ከማጂ የወጣ ፍሬ አራት አገር ዞሮ ገበያውን አገኘ። ያን ቡና በአገሩ የሚያለማው ገበሬ ዛሬ ዋጋ ለመስማት፣ ገንዘቡ መግባቱን ለማየት የሚጠብቀው የዚያን ስዊች ደግነት ነው። ዋጋ በቀን ውስጥ በሚለዋወጥበት ገበያ ሦስት ቀን ጨለማ ውስጥ የቆየ አቅራቢ የሚሸጠው ሰብሳቢው በነገረው ዋጋ ነው። ልዩነቱን ማን ይመልስለታል? የርክክብ ኮሚቴው?

ስለዚህ ተገልጋዮች አንዲት ጥያቄ ላስታጥቃችሁ። በሚቀጥለው ጊዜ «ኔትወርክ የለም» ስትባሉ በትሕትና እንዲህ በሉ፦ «ከሌላው ክፍል ያለው ፕሪንተር ያትማል?» ፕሪንተሩ ያው ግቢ ውስጥ ነው፤ በቴሌ በኩል አይዞርም። እሱም ካልሠራ ችግሩ ከአጥሩ ውስጥ ነው፤ ቴሌን መጥራት የጎረቤትን ሐኪም ለራስ በሬ እንደ መጥራት ነው። የስዊቹን መብራቶች ማየት ከቻላችሁ ደግሞ ተመልከቱ፦ ሁሉም በአንድ ላይ፣ ያለ ዕረፍት፣ እንደ እብድ ብልጭ ድርግም ካሉ ማዕበል ነው። ጤነኛ ስዊች እንደ ሰው ወሬ ነው፤ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ያዳምጣል።

ለአይቲ ልጆቹም፦ መጀመሪያ ትርፍ የሚመስለውን መስመር ንቀሉ፤ በሰከንዶች ውስጥ ነፍስ ከዘራ አገኛችሁት። ስዊቹ መዝገብ የሚይዝ ከሆነ አንድ አድራሻ ከፖርት ፖርት ሲዘል ታዩታላችሁ፤ የክብ የጣት አሻራ እሱ ነው። ሬዲዮዎቹ ንጹሕ ከሆኑ ትንንሾቹን ፈትሹ። የዋይፋይ ማራዘሚያው በአየርም ተገናኝቶ በገመድም ተሰክቷል? የጠረጴዛ ስልኩ ሁለት ቀዳዳ ስላለው ሁለቱም ግድግዳ ላይ ተሰክተዋል? አንድ ሰው «ባዶ ተንጠልጥሎ ያስጠላል» ብሎ የገመዱን ጫፍ መልሶ እዚያው ስዊች ላይ ሰክቶታል? የመጨረሻው ቀልድ ይመስላል፤ ከምታስቡት በላይ ግን ይደርሳል። ከዚያ በኋላ አለቃውን እናንተ ሹሙ፤ በዋናው ቢሮ ላለው ጥሩ ስዊች 4096 ስጡት። የማዕበል መገደቢያውን አብሩት። የሠራተኛ ኮምፒውተር ብቻ በሚሰካባቸው ቀዳዳዎች ላይ ሌላ ስዊች ቢሰካ ራሱን እንዲዘጋ አድርጉት። ንድፉንም ስላችሁ ለጥፉ፤ ስትለቁ የይለፍ ቃሉን በፖስታ አሽጋችሁ አስረክቡ።

ለኃላፊዎች ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሚቀጥለው የግዢ ሰነድ ላይ የሚጨመር ዓረፍተ ነገር፦ «ክፍያ የሚፈጸመው ሠራተኞች ሥራ ላይ እያሉ ዋናው መስመር ተነቅሎ አገልግሎቱ ሳይቋረጥ ሲቀጥል፣ ዋናው ተመልሶ ሲሰካም ሳይታወክ ሲቆይ፣ ኮሚቴው በዓይኑ አይቶ ሲፈርም ነው።» ነቃዩም ኃላፊው ይሁን። ጥርና የካቲት በእኛ በኩል ሰማዩ የሚከፈትባቸው ወራት ናቸው፤ ጣሪያ ላይ መውጣት ይቻላል፣ ዛፍ መግረዝ ይቻላል። በመጋቢት ዝናቡ ይጀምራል።